ደጋ፣ ሐዲድና ወደብ፦ መልክዓ ምድርና መንግሥት በኢትዮጵያ ኢኮኖሚ

አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚኖረው በደጋና በወይና ደጋ ነው። ቅዝቃዜው ወባን ያርቃል፤ የክረምቱ ዝናብ ከቆላው ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ሰፊ ሕዝብና ጽኑ መንግሥት በዚህ ምድር ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ደጋ ግን በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ተጓዥ ዓባይ ወንዝ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል አቀበት ይወጣል። እህል በአህያና በበቅሎ ጀርባ ብቻ በሚጓዝበት ዘመን እንዲህ ያለው ገደል የገበያ ድንበር ነበር። በአንዱ አፋፍ የተትረፈረፈ እህል በሌላው አፋፍ ለተራበ ሰው አይደርስም፤ ቢደርስም የማጓጓዣው ወጪ ዋጋውን ከድሃው አቅም በላይ ያደርገዋል።

የአገሮች ድህነትና ብልጽግና ከየት እንደሚመነጭ ሲጠና ሁለት ወገኖች ጎልተው ይታያሉ። ጄፍሪ ሳክስን የመሰሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ለአየር ጠባይ፣ ለበሽታና ከባሕር ለመራቅ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። በ2024 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ዳሮን አሴሞግሉ፣ ሳይመን ጆንሰንና ጄምስ ሮቢንሰን ደግሞ ወሳኙ ሕግና ተቋም ነው ይላሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው ግን ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው ሥራቸው፣ የመንገድ እጦትና በየአውራጃው የቆመው የቀረጥ ኬላ ንግድን እንዴት እንደሚያንቁ አስረድተዋል። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እየደኸየ እንደሚሄድም አሳይተዋል። ገደሉ የተፈጥሮ ነው፤ ኬላውን ያቆመው ግን መንግሥት ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ በጥሞና ሲታይ ሁለቱን ወገኖች ለያይቶ መያዝ አይቻልም፤ ምድሩ ሳይለወጥ፣ ለኢኮኖሚው ያለው ትርጉም መንግሥት በሠራውና ባልሠራው ነገር ደጋግሞ ተለውጧልና።

ለዚህ የምድር ባቡሩ ዋና ምሳሌ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረርን እንዲነካ ነበር። ሐረር ግን በተራራማ ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1902 ሐዲዱ የደረሰበት ስፍራ ድሬዳዋ ሆነ። ለዘመናት የምሥራቁን ንግድ ይዛ የኖረችው ሐረርም ገበያዋን ቀስ በቀስ ለዚህች አዲስ ከተማ አስረከበች። ተራራው ሐዲዱን አጎነበሰው፤ ሐዲዱ ደግሞ የከተሞቹን ደረጃ ገለበጠው።

ከድሬዳዋ ወዲያ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ ገንዘብ ጨረሰ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ በመስመሩ ላይ ተፎካከሩ፤ ምኒልክም ሐዲዱ የአገሩን ነፃነት የሚጋፋ መሣሪያ እንዳይሆን ሠጉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ወደብ የሌለው መንግሥት መውጫውን ለባዕድ ኩባንያ አሳልፎ ሲሰጥ የቀረጡንና የጦር መሣሪያውን በር አብሮ ይሰጣልና። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይደርስ ነበር፤ ቀድሞ ግን ሲራራ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ቡናና ቆዳ ወጣ፤ አቡጀዲ፣ ጨውና የብረታ ብረት ዕቃ ገባ። የሐዲዱ በረከት ግን ከመስመሩ ብዙ አልራቀም። ጎንደርና ጎጃም በቅሎው ላይ ቀሩ። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በተቋቋመው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በኩል፣ ባሮ ወንዝ በሚሞላበት በክረምት ብቻ፣ በጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር።

መንገድም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 በቆየበት ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ ብሎ የሠራቸው መንገዶች፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ጨምሮ፣ ከነፃነት በኋላ የንግድ መተላለፊያ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1950 ከዓለም ባንክ ባገኘው ብድር በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። ሆኖም በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ መረብ ገና 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ100 ሺህ አለፈ። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለው ለውጥ በገበሬው ደጃፍ ይታያል፤ መኪና የሚገባበት ቀበሌ ማዳበሪያን በጊዜው ያገኛል፣ እህሉንም በአጨዳ ወቅት ለመጣ ደላላ ሁሉ በረከሰ ዋጋ ለመስጠት አይገደድም።

መንግሥት ምድሩን ሲያለማ ግን ምድሩ ባዶ አልነበረም። የአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ምስክር ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ወንዙ ለመስኖ የተመቸ፣ የባቡሩ መስመርም ቅርብ ነበር። በሆላንድ ኩባንያ የተተከለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ጀመረ፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ፤ ቀጥሎ የመተሐራ የስኳር እርሻና የታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ስኳሩም ጥጡም ለአገር ጠቅሟል። በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ዳር ያወርዱ የነበሩት ከረዩዎችና አፋሮች ግን ዋናውን የድርቅ ጊዜ ግጦሻቸውን አጡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው ድርቅ አፋሮችን ክፉኛ የጎዳው ዝናብ ስለቀረ ብቻ ሳይሆን፣ ዝናብ ሲቀር የሚሸሹበት መሬት ስለተወሰደም ነው።

ደርግ በ1975 መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ይህ በተለይ ለደቡቡ ገበሬ ታላቅ ነፃነት ነበር። ነፃነቱ ግን በእህል ኮታና በተወሰነ ዋጋ ተሸረሸረ። የነጋዴው እንቅስቃሴ በየኬላው ሲገደብ፣ ገብረ ሕይወት የተቃወሙት ነገር በሌላ ስም ተመለሰ። ከሁሉ የከፋው የ1984ቱን ረኃብ ተከትሎ የመጣው ሰፈራ ነው። ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አሶሳና ወደ ሌሎች የምዕራብ ቆላዎች ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው ነበር። በካርታ ላይ ሲታይ ምድሩ ለም፣ ሕዝቡም ጥቂት ነበር። ሕዝቡ ጥቂት የሆነበት ምክንያት ግን ወባና ከብትን የሚፈጀው ገንዲ ነው። የደጋው ገበሬ ወባውን የሚቋቋም ሰውነት አልነበረውም፤ በገንዲ አገር ደግሞ በበሬ ማረስ አይዘለቅም። መንግሥት ምድርን ሳያጠና ሲያዝ ዋጋውን የሚከፍለው የታዘዘው ሰው ነው።

በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር አጣች፤ አሰብን መጠቀሟ ግን ለጊዜው አልተቋረጠም። የንግዷን በር በአንድ ጊዜ የዘጋው ከኤርትራ ጋር የተደረገው የ1998ቱ ጦርነት ነው። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬ ከወጪና ገቢ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ያልፋል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር በአንድ ወደብ ላይ ሲንጠለጠል የወደብ ኪራይና የትራንዚት ወጪ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ለመኸር የሚዘራ ገበሬ ማዳበሪያውን ከክረምቱ በፊት ማግኘት አለበት፤ መርከቧ ወደቡ ላይ ከዘገየች ወይም ከጅቡቲ በሚመጣው የጋላፊ መስመር የጭነት መኪና ከጠፋ ዝናቡ አይጠብቀውም። የሞጆ ደረቅ ወደብም ሆነ በቻይና ብድር ተሠርቶ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ይህን ጊዜና ወጪ ለመቀነስ የታሰቡ ናቸው። አዲሱ ባቡርም ቢሆን ከመቶ ዓመት በፊት እንደተዘረጋው ሐዲድ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው።

የባሕር በር ማጣት በሁሉም ምርት ላይ እኩል አይከብድም። ጽጌረዳ በሆለታ ወይም በዝዋይ ተቆርጣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ትደረደራለች፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሳ በሌሊት በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ትሄዳለች፤ ወደብ አያስፈልጋትም። ለምድር ወገብ የቀረበው ፀሐይና የደጋው ቅዝቃዜ አበባውን ያሳምረዋል። ይህ የአየር ጠባይ ግን ከጥንት ጀምሮ ነበር። ዘርፉ የተነሣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት መሬት፣ የልማት ባንክ ብድርና የግብር እፎይታ ሲሰጥ ነው፤ በ1945 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አገልግሎትም ባይኖር አይታሰብም ነበር። የዝዋይ ሐይቅ ውኃና የሠራተኞቹ ጤና በሚገባው መጠን ያልተጠበቀ መሆኑ የዘርፉ ግልጽ ጉድለት ነው።

ንግድን ሲያደናቅፍ የኖረው ገደል ደግሞ በሌላ መልኩ ሀብት ነው፤ ከከፍታ የሚወርድ ወንዝ ኃይል አለውና። ይህን ሀብት ሥራ ላይ ለማዋል ግን አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ኩባንያ በቀላሉ የማይደፍረው ገንዘብና ጊዜ ያስፈልጋል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2011 ተጀምሮ በ2025 ሲመረቅ፣ ዋናው ወጪው ከአገር ውስጥ ብድርና ሕዝቡ ከገዛው ቦንድ ተሸፍኗል፤ ኃይል የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ገደማው ግን አሁንም መብራት የለውም። በእነዚያው ተራሮችና ሸለቆዎች ላይ ማስተላለፊያና ማከፋፈያ መስመር ዘርግቶ ኃይሉን እስከ ገጠሩ ቤትና ወፍጮ ቤት ማድረስ መንግሥት ገና ያልጨረሰው ሥራ ነው።