ታሪካዊ የእንግዳ ማረፊያን በኅብረተሰብ ድጋፍ መታደግ

በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ብጡል የተመሠረተና በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ተደርጎ የሚወሰድ ቅርስ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ የእሳት ቃጠሎ ከፍተኛ ጉዳት የደረሰበት ሲሆን፣ በቅጥሩ የነበረው የጃዝአምባ የሙዚቃ አዳራሽም ወድሟል። ሆቴሉ ከጥገና በኋላ ወደ አገልግሎቱ ተመልሷል።

እንዲህ ያሉ ሕንፃዎችን ለመታደግ የኅብረተሰቡ ድጋፍ ወሳኝ ቢሆንም፣ የገንዘብ መዋጮ ብቻውን በቂ አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማናቸውም የቅርስ ጥገና የሚከናወነው በቅድሚያ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሲገኝ ነው። ወጪው ከባለይዞታው ዐቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜም መንግሥት በከፊል ሊያግዝ ይችላል።

ስለሆነም ድጋፍ የሚያሰባስቡ ወገኖች መዋጮ ከመጀመራቸው በፊት፦
• ከሕንፃው ባለይዞታ ጋር መስማማት፤
• የሕንፃውን ታሪክና ነባር ይዞታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ መዝግቦ መያዝ፤
• በየአካባቢያቸው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ፤
• የጥገናውን ዕቅድና ግምታዊ ወጪ በቅርስ ባለሙያ ማስጠናት

ይኖርባቸዋል። ያለ ጥናት ተነቅሎ የተጣለ የእንጨት ወለል ወይም በረንዳ እሳት እንደበላው ሁሉ ተመልሶ አይገኝምና።