የወደቀ ሰው ሲመታ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የሚገኘው የቡሉክ ሠፈር የሚጠራበት ቃል ከወታደር ቤት የወጣ ነው። «ቡሉክ» በቱርክኛ አንድን የጦር ክፍል የሚያመለክት ሲሆን፣ በጣሊያን ዘመን የነበሩትን የኤርትራ አስካሪዎች ማዕረግ የሚያስታውስ አንባቢ «ቡሉክባሺ» ከሚለው ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው ያየዋል። የአገሪቱ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤትም በዚሁ ሠፈር ይገኛል። ይሁን እንጂ በጁባና በዙሪያዋ ጉልበት የሚፈተንበት ሌላ፣ ከጦር ሠፈር እጅግ የቀደመ ሜዳ አለ፤ እርሱም የትግል ሜዳ ነው።

ከጁባ በስተሰሜን፣ በነጭ ዓባይ ዳርቻ በቴሬኬካ አካባቢ የሚኖሩት ሙንዳሪዎች፣ እንዲሁም በቦር በኩል ያሉት ዲንካዎች፣ ከብት አርቢዎች ናቸው። ትግላቸውም ከከብት በረት ሕይወት ጋር የተቆራኘ ነው። ሰውነቱን በአመድ የቀባው ጎበዝ በዘፈንና በከበሮ ታጅቦ ይገባል፤ ያጎነብሳል፤ የባላጋራውን እጅና እግር ይፈልጋል። በቡጢ መምታት የለም። ከሁለቱ አንዱ መሬት ሲነካ ፍልሚያው አበቃ። ከ2010ዎቹ ጀምሮ የሁለቱ ሕዝቦች ወጣቶች በጁባ ስታዲየም በብዙ ተመልካች ፊት ሲታገሉም ታይተዋል። ትከሻ ይወልቃል፤ ጉልበት ይጣመማል፤ አወዳደቁ ከከፋ አንገት ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም የወደቀው ሰው ከመውደቁ በኋላ የሚጨመርበት ነገር የለም።

ይህ ሕግ ቀላል ይመስላል። የድብድብን ታሪክ በጉዳት በኩል ለሚመለከት ሰው ግን ዋናው ጥያቄ በእርሱ ውስጥ ይገኛል፦ ሰው ሲወድቅ ምን ይደረግበታል?

ከደቡብ ሱዳን ድንበር ወዲህ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ሱርማዎች ለዚህ ጥያቄ የራሳቸው መልስ አላቸው። ዶንጋ የሚባለው የዱላ ግጥሚያቸው ከትግል ይልቅ እጅግ አስፈሪ ነው። ከሰው ቁመት የሚረዝም ጠንካራ ዱላ በሁለት እጅ ተይዞ ይወርዳል። ጣት ይሰበራል፤ ዓይን ይጠፋል፤ ራስ ይፈነከታል። ጥቂቶች ክንዳቸውንና ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ ብዙዎች ግን ራቁታቸውን ይገባሉ። ነገር ግን ዳኞች አሉ፤ የወደቀን መምታት ነውር ነው፤ ተጋጣሚውን የገደለም ለሟቹ ወገን ካሣ ይከፍላል። ዶንጋን ለረጅም ጊዜ ያጠናው ሆላንዳዊው የሥነ ሰብ ምሁር ዮን አቢንክ እንደጻፈው፣ ግጥሚያው ዓመፅን በሥርዓት ውስጥ የሚያስር ነበር፤ ሥርዓቱን ያናጋው አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ አካባቢው መግባቱ ነው።

በአውሮፓም ጉዳዩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በጥንቷ ግሪክ ፓንክራቲዮን የሚባል፣ ቡጢንና ትግልን የቀላቀለ ፍልሚያ ነበረ፤ የተከለከለው መንከስና ዓይን መጎልጎል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ564 ዓመት በኦሊምፒያ አሪኪዮን የተባለ ተጋጣሚ አንገቱ ታንቆ ሳለ የባላጋራውን የእግር ጣት ሰብሮ እጅ አሰጠው፤ እርሱ ግን ሞቶ ነበርና የድል አክሊሉ በሬሳው ላይ ተደረገ። በእንግሊዝ በ1867 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዊንስበሪ ሕግ ደግሞ ቦክሰኛው ሲወድቅ አሥር ሰከንድ እንዲጠበቅለትና ጓንት እንዲደረግ አዘዘ። ጓንቱ ግን ከራስ ይልቅ እጅን ነው የጠበቀው። ባዶ እጅ የራስ ቅል ሲመታ ራሱ ይሰበር ነበር፤ የተጠቀለለ እጅ ግን ደጋግሞ ለመምታት ይችላል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 እ.ኤ.አ. አካሄዳቸው የሚንገዳገድ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸው የዘገየ ቦክሰኞችን ሁኔታ በሕክምና መጽሔት ጻፈ። በ1982 እ.ኤ.አ. ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ውስጥ ተመትቶ ከቀናት በኋላ ሲሞት የዓለም የቦክስ ምክር ቤት 15ቱን ዙር ወደ 12 ዝቅ አደረገ።

ቅይጥ ማርሻል አርት በ1993 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በተከፈተው ውድድር ሲጀመር የክብደት ምድብ አልነበረውም። ሴናተር ጆን ማኬይን ከዶሮ ድብድብ ጋር አመሳስሎት ነበር። በኒው ጀርሲ ከ2000 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀረው የጋራ ሕግ የክብደት ምድብ፣ የአምስት ደቂቃ ዙርና 4 አውንስ ያህል የሚመዝን ቀጭን ጓንት አመጣ፤ የተከለከሉ ድርጊቶችንም ዘረዘረ። ይሁንና የወደቀን በቡጢና በክርን መምታት ተፈቅዶ ቀረ። የአገራችን ሰው «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ሲል ያዝናል እንጂ አይደግፍም፤ እዚህ ግን ምሣሩ በደንብ ውስጥ ገባ።

በኔቫዳ ግዛት ከ2001 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተካሄዱ 171 ግጥሚያዎች ሲመረመሩ ከጉዳቶቹ ግማሽ ያህሉ የፊት ቁስል ሆኖ ተገኘ፤ የእጅ፣ የአፍንጫና የዓይን ጉዳት ተከተለ። ደም የሚታይበት ቁስል ግን ይሰፋል፣ ይድናል። ይበልጥ የሚያሳስበው የካናዳ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የነበሩ 844 ግጥሚያዎችን በምስል ሲመለከቱ ያገኙት ነው። ተጋጣሚው ራሱን ካሳተው ምት በኋላ ዳኛው እስኪያስቆም በአማካይ 3.5 ሰከንድ ያልፋል፤ በዚያች ጊዜ ራሱ ላይ ተጨማሪ 2.6 ምት ያርፍበታል። በተደጋጋሚ ምት የተሸነፉት ደግሞ ግጥሚያው ከመቆሙ በፊት ባለው 30 ሰከንድ በአማካይ 18.5 ምት ተቀብለዋል። ራስን የሳተ ሰው እጁን አንሥቶ አይከላከልም፤ አንገቱም አይጠነክርም፤ ስለዚህ አንጎሉ በራስ ቅሉ ውስጥ የሚናወጠው ከሌላው ጊዜ በበለጠ ነው።

ከውጊያው በፊት ያለውም አደጋ ቀላል አይደለም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ቻይናዊው ያንግ ጂያን ቢንግ በማኒላ የሞተው ክብደቱን ለመቀነስ የሰውነቱን ውሃ ሲያስወግድ ነበር። በሜዳ ላይ ከተገኘው ጉዳት ግን ብዙ ያነጋገረው የፖርቱጋላዊው ጆዋው ካርቫልዮ ሞት ነው። ሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. በደብሊን ወድቆ ሳለ ተመትቶ ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ፤ ተጋጣሚው በእግሩ ቆሞ ወጣ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ታመመ፤ ራሱ ተቀዶ ቢታከምም በሁለተኛው ቀን ሞተ። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የሚጠራቀም ደም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ሲራመድና ሲናገር ቆይቶ በድንገት ይወድቃል። የሚያድነው በሰዓታት ውስጥ የሚነሣ የራስ ምስልና የሚቀርብ ቀዶ ሐኪም ነው። በዚያ ጊዜ በአየርላንድ ስፖርቱን የሚቆጣጠር ሕጋዊ አካል አልነበረም።

የጁባ ወይም የአዲስ አበባ ወጣት ይህን ፍልሚያ በስልክ ማያ ሲመለከት ዳኛውን ያያል፤ ቀለበቱን ያያል፤ ከአጥሩ ውጭ የተቀመጠውን ሐኪም፣ በር ላይ የቆመውን አምቡላንስና ለተሸነፈው የሚጻፈውን የወራት የዕረፍት ትእዛዝ ግን አያይም። በቴሬኬካ ሜዳ ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ ሆኖም ታጋዩ ጀርባው አቧራውን ሲነካ ከበሮው ይመታና ባላጋራው ይለቀዋል።