ክራሩና ክፍሉ
በዓለም ባንክ ሰፈር ከተሰማ ትዝታ የተነሣ የታሪክ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዓለም ባንክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከገንዘብ እንጂ ከዜማ አይደለም። ነዋሪዎቹ እንደሚያስረዱት ስያሜው የመጣው በዓለም ባንክ ብድር ለመኖሪያ ከተዘጋጀው ቦታና ከተሠሩት ቤቶች ነው። በመሆኑም ሰፈሩ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሙያ ዘመድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳሩ ግን ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ስለ ቤቶቹ አሠራር ሳይሆን፣ በዚያው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በአንድ የክረምት ማታ ስለ ተሰማ ክራርና ያ ክራር ስላስነሣው የታሪክ ጥያቄ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያዬ ወጣ ባለ ጉዳይ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን የመረጥሁት ለዕረፍት ያህል ይሆናል ብዬ ነበር፤ በመጨረሻ እንደሚታየው ግን ጉዳዩ ከሙያችን ውጭ ሆኖ አልተገኘም።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ወር ነው። ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ስለ በረታብኝ ከመንገድ ዳር ወዳለች አንዲት አነስተኛ ግሮሰሪ ገባሁ። ክፍሏ የጭቃ ግድግዳና የማዳበሪያ ኮርኒስ ያላት፣ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የማትበልጥ ነበረች። ውስጧ ሃያ የማይሞላ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ሰውም ከቴሌቪዥኑ በላይ ለመሰማት ይጮኻል። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ባለቤቲቱ ሻማ አብርታ ባንኮኒው ላይ ከተከለች በኋላ ወደ ጥጉ ዞር ብላ፣ “ጋሼ፣ እስቲ ያችን ክራር ያምጧት፤ ዛሬ እንኳ የሚሻማዎት የለም” አለች።

ከጥጉ የተነሡት ዕድሜያቸው ስድሳ የሚገመት፣ ሱሪያቸው ላይ የሲሚንቶ ጠብታ የደረቀበት ሰው ነበሩ። ክራሩን ከጆንያ አውጥተው ጭናቸው ላይ ካስደገፉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቃኙት። ቅኝቱ ትዝታ ነበር። ዜማውን ሲጀምሩ ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ እንዲያውም የጎረቤቴን ትንፋሽ ከድምፃቸው ለይቼ ለመስማት እችል ነበር። ስንኞቹን እዚያው እየፈጠሩ፣ አንዱን ሐረግ እየደጋገሙ፣ በየድግግሞሹ ትርጉሙን እያዞሩት ሄዱ። መጀመሪያ ስለ ራቀች ሴት የተነገረ የመሰለን ነገር፣ በሦስተኛው ዙር ስለ ፈረሰ ቤት እንደ ሆነ ገባን። ከአድማጮቹ አንዱ “ተቀበል!” ብሎ አንድ ስንኝ ሰጣቸው፤ ተቀብለው ከሰጪው በተሻለ አኳኋን መለሱለት። ይህ ጸሐፊ ሙዚቃን በብዛት የሚሰማው በመኪና ውስጥና በሠርግ አዳራሽ ነው። በዚያ ማታ ግን አንድ ሰው ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ ለእኔ ብቻ የሚናገር መስሎ ሲዘፍን የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ስለ መሣሪያው ጠየቅኋቸው። ሙያቸው የኮንክሪት ማቀፊያ ጣውላ ማቆም እንደ ሆነ፣ የክራሩንም ምሰሶና ቀንበር ከሥራ ከተረፈ ጣውላ ራሳቸው እንደ ጠረቡት ነገሩኝ። ክሮቹ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተፈትቶ የተሠሩ ነበሩ። ስልኬን አውጥቼ አንድ ዜማ ብቻ እንድቀዳ ብለምናቸው፣ “የዛሬውን በጆሮህ ውሰደው፤ ለመቅዳቱ ሌላ ቀን ትመጣለህ” አሉኝ። እኔም እመጣለሁ አልሁ።

ክራር በአሠራሩ ቀላል፣ በባሕርይው ግን አስቸጋሪ መሣሪያ ነው። ቆዳ የለበሰ ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበር፣ አብዛኛውን ጊዜም ስድስት ክር አለው። ማንኛውም መሐንዲስ እንደሚያውቀው የአንድ ክር ድምፅ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ይወሰናል፤ የንዝረቱን ብዛት ሁለት እጥፍ ለማድረግ ውጥረቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በክራር ላይ የክሮቹ ርዝመት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ልዩነቱን የሚሸከሙት ውጥረቱና ውፍረቱ ናቸው። እንደ ጊታር ጣት የሚያሳጥረው አንገት የለውምና እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ደርዳሪው አምስቱን የቅኝት ድምፆች አስቀድሞ ይወጥራል፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን በስምንተኛ ደረጃ ይደግማል። ሲገርፈውም የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የሚፈልጋቸውን ብቻ ይለቃል። ክራር መምታት ማለት እንግዲህ ከማሰማቱ ይልቅ ዝም ማሰኘቱ የሚበዛበት ጥበብ ነው።

የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ብሉዝ የተባለው ዘፈን ከእኛ ትዝታ ጋር ብዙ ጊዜ ይነጻጸራል። ንጽጽሩ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ሁለቱም በአንድ ዘፋኝና በአንድ ባለ ክር መሣሪያ ይቆማሉ፤ ሁለቱም ያለፈን ነገር ያስታውሳሉ፤ ሁለቱም ዘፋኙ እዚያው በሚፈጥረው ስንኝ ይኖራሉ። ልዩነታቸው ግን ከመሣሪያው ይመነጫል። የሚሲሲፒው ጊታር ተጫዋች ክሩን በጣቱ ገፍቶ ወይም የጠርሙስ አንገት አንሸራትቶ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ድምፅ ያወጣል፤ ጊታሩ ራሱ ያለቅሳል። ክራር ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የማልቀሱ ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በሰው ጉሮሮ ላይ ነው፤ ክራሩ እንደ ወለል ጸንቶ ይቆማል፣ ድምፁ ግን በላዩ ይንቀጠቀጣል። ትዝታ ሜጀርና ማይነር የተባሉ ሁለት ዓይነቶች ያሉት ሲሆን፣ በማይነሩ ሦስተኛውና ስድስተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ይላሉ። በዚያ ማታ የሰማሁት ይኸኛው ነበር።

ለአዲስ ዘመን ሰው ክራርና ማሲንቆ ከቴክኒክ የራቁ መስለው ይታዩ ይሆናል። ታሪክ ግን የሚያስረዳው ተቃራኒውን ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ጀርመን አገር የሄዱት የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ነበር። በዚያም ሳሉ ድምፃቸውን በበርሊን በሸክላ አስቀረጹ፤ እነዚያም ሸክላዎች የኢትዮጵያ ዘፈን የመጀመሪያ ቅጂዎች ሆኑ። እንግዲህ በአገራችን የሞተር ዕውቀትና የድምፅ ቅጂ በአንድ ሰው በኩል በአንድ ጉዞ ገቡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲቋቋሙ፣ የአዝማሪው ጥበብ ከአዳራሽና ከመድረክ ጋር ተዋወቀ።

በዚህ ትውውቅ ውስጥ የአስናቀች ወርቁ ስም ልዩ ስፍራ አለው። አስናቀች በመድረክ ከወጡት ቀደምት የኢትዮጵያ ሴት ተዋናዮች አንዷ ስትሆን፣ ክራሯን እየደረደረች በምታዜመው ትዝታም ዝናን አትርፋለች። በበገና የዳዊት ምስጋና ሲባልበት፣ ክራር ግን የጠጅ ቤትና የዓለማዊ ፍቅር መሣሪያ ተብሎ በሚናቅበት ዘመን፣ አንዲት ሴት ክራር ይዛ በሕዝብ ፊት መቀመጧ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሜሪ አርምዴም በዚሁ መንገድ ተጉዛለች። ካሣ ተሰማም በበኩሉ ክራር ለወንድ ዘፋኝ ምን ያህል ግርማ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል።

በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ካቋቋመ በኋላ በአዲስ አበባ የሸክላ ኅትመት ገነነ፤ ይሁንና ሸክላው የበለጠ ያከበረው ኦርኬስትራውን፣ ሳክስፎኑንና ኤሌክትሪክ ጊታሩን ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የማታውን ጨዋታ አቀዘቀዘው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአዝማሪ ቤቶች በካዛንችስና በሌሎች ሰፈሮች እንደገና ደመቁ። ካዛንችስ ግን በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ብዙ የጨዋታ ቤቶች ከቦታቸው ተነሡ።

አስናቀች በውጭው ዓለም አድማጭ ዘንድ በሰፊው የታወቀችው ዘግይታ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ አገር ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ቅጂ በ10ኛው ጥራዙ ትዝታን የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎ አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 16ኛው ጥራዝ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ሆነ። አስናቀች በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ዐረፈች።

የዚህ ዓይነት መዘግየት በአሜሪካም ደርሷል። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የተባለው ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1928 ጥቂት ዘፈኖችን በሸክላ ካስቀረጸ በኋላ ወደ ገበሬነቱ ተመለሰ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የፈለገው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ወጣት አፍቃሪ፣ ሰውዬው በዘፈኑ ውስጥ የጠቀሰውን የቀዬውን ስም ምልክት አድርጎ ሄዶ አገኘው። ኸርት ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሦስት ዓመታት ለብሉዝ ታሪክ ትልቅ ሀብት ሆኑ። እንዲገኝ ያስቻለው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም በሸክላ ላይ የቀረ ድምፁ ነው። ሸክላ ባይኖር ኖሮ ምልክት፣ ምልክትም ባይኖር ፍለጋ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ዓለም ባንክ ልመለስ። ዛሬ ነገ እያልሁ እስከ ጥር ወር ድረስ ወደ ግሮሰሪዋ አልተመለስሁም። በጥር ወር በማገለግልበት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ መንገድ ማስፋፊያ የቤቶች ልኬታ ዝርዝር ቀረበ። ከተራ ቁጥሮቹ አንዱ፣ “ግድግዳ ጭቃ፤ ጣሪያ ቆርቆሮ፤ ስፋት 20 ካሬ ሜትር፤ አገልግሎት ንግድ” ይላል። ቦታውን በካርታው ላይ አየሁት፤ ቤቷን አወቅኋት። ልኬታው ትክክል ነበር። የመንገዱም አስፈላጊነት አያጠራጥርም፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እዚያ የሚቆመውን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው ይመሰክራል። ፈረምሁ። መፈረሜን ዛሬም ስሕተት አልለውም። ስሕተቴ በዚያው ሳምንት ወደ ቤቷ አለመሄዴ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስሄድ የቆርቆሮ አጥር ቆሞ ነበር። ባለቤቲቱ ወዴት እንደ ሄደች የነገረኝ የለም። የአናጢ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሥራው ወዳለበት ይሄዳል። እኔ ደግሞ “ጋሼ” ከማለት በቀር ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ድምፃቸው በእጄ የለም፤ የዘፈኑት ስንኝም ከትርጉሙ በቀር ከአእምሮዬ ወጥቷል።

ነገሩን በሙያዬ ዓይን ደግሜ አሰላሁት። ዋላስ ሴቢን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንዳስተማረው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የድምፅ መዘግየት በሰከንድ የሚገኘው የክፍሉን ይዘት በ0.161 አባዝቶ በድምፅ መጣጩ ገጽ በማካፈል ነው። ያች ክፍል 50 ሜትር ኩብ ያህል ነበረች፤ ሰዎቹ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው በአንድነት 14 ካሬ ሜትር ያህል መጣጭ ነበራቸው ብንል፣ መዘግየቱ 0.6 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለሰው ቃልና ለክራር የተመቸ ልክ ነው። ያንኑ ሰውና ያንኑ ሃያ አድማጭ 400 ሜትር ኩብ በሆነና ግድግዳው በተለሰነ ባዶ የኮንክሪት አዳራሽ ብናስቀምጣቸው፣ መዘግየቱ ከ3 ሰከንድ ይበልጣል፤ ስንኝ በስንኝ ላይ ይደራረባል፤ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይሰማም። ያን ጊዜ ማጉያ ያስፈልጋል፤ ማጉያ ሲመጣም ድምፅን በዝግታ መያዝ የለመደ ዘፋኝ በጩኸት ይሸፈናል። ስለዚህ ትንሿ ክፍል ለክራሩ መጠለያ ብቻ አልነበረችም፤ እንደ ገበቴው ሁሉ የመሣሪያው አካል ነበረች።

ይህን ስል ጭቃ ቤት አይፍረስ ማለቴ አይደለም። ሰው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዲኖር የሚመክር መሐንዲስ ሙያውን የከዳ ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ በምንሠራቸው የሰፈር ፕላኖች ውስጥ ከትልልቅ አዳራሾች ጎን ሃያና ሠላሳ ሰው የሚይዙ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳቸው ድምፅ የሚመጥ ክፍሎች እንዲታሰቡ ነው፤ ወጪያቸው ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ሁለተኛው ይበልጥ ቀላል ነው። በልኬታ ቅጻችን መጨረሻ ላይ “ምርመራ” የሚል ዓምድ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ያልፋል። በዚያ ዓምድ ውስጥ በቤቱ ምን ይደረግበት እንደ ነበር አንድ መስመር እንጻፍ፤ የሚደረድር ወይም የሚያዜም ሰው ካለም፣ ፈቃዱን ጠይቀን ድምፁን እንቅዳ፣ ከቅጂውም ጋር ስሙን እናኑር።

እኔ አሁን ለቁጥጥር ወደ ግንባታ ቦታ በሄድሁ ቁጥር ሥራዬን ስጨርስ አናጢዎቹን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ክራር የሚደረድሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የሆነ የጣውላ ሠራተኛ ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ። እስካሁን ሁለት ክራር ደርዳሪዎች አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ቀድቻለሁ። እርሳቸውን ግን ገና አላገኘኋቸውም።