የክብሪት ጭስና ፊኖባርቢታል፦ የሚጥል በሽታና የማሽተት ችግር በካፋ

በሚጥል በሽታ የወደቀ ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት መጫር በአገራችን የተለመደ ነው። ሐኪሞች ይቃወሙታል፤ ፊት ያቃጥላል፣ ታማሚውን በጎኑ የማስተኛት ጊዜንም ይሻማል። እውነት አላቸው። በሽታውና ሽታ ግን በእርግጥ ይገናኛሉ። ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደገለጸው፣ ቴምፖራል ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚነሳ ሕመም አንዳንዴ የሚጀምረው ሌላው ሰው በማይሸተው መጥፎ ሽታ ነው። በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ኤፍሮን ይህን መሰል ሕመም ገና ሲጀምር ኃይለኛ ሽታ በማሽተት መግታት እንደሚቻል አሳይቷል። ክብሪታችን የሚጫረው ታማሚው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው፤ ያኔ ጊዜው አልፏል።

የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የመስቃንና ማረቆ ጥናት (1990 እ.ኤ.አ.) በሽታውን ከ1000 ሰው በ5.2ቱ ላይ አግኝቷል። በካፋ ተጨማሪ ጥርጣሬ አለ። ፈጣን ወንዞች ዳር የሚራባው ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርካ የተባለውን ጥገኛ ትል ያስተላልፋል፤ ትሉ የሚያመጣው በሽታ ካፋ በሚገኝበት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን ጣሊያኖች በ1939 (እ.ኤ.አ.) ዘግበዋል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ኦንኮሰርካ በበረታባቸው መንደሮች የሚጥል በሽታም በርክቶ ተገኝቷል።

ለታማሚው በብዛት የሚታዘዘው ፊኖባርቢታል ነው። አልፍሬድ ሃውፕትማን በ1912 (እ.ኤ.አ.) ጥቅሙን ያሳየለት ይህ የባርቢቹሬት ወገን ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ መዋጡም ይበቃል። የሚሠራው ጋባ የተባለውን የአንጎል ልጓም በማጥበቅ ነው። ሽታን መጀመሪያ የሚቀበለው የአንጎል ክፍልም በዚሁ ልጓም ስለሚሠራ፣ መድኃኒቱ ማሽተትን ያደክም ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ግን በቅድሚያ የምጠረጥረው በሽታውን ነው፤ የቴምፖራል ሕመምተኞች መድኃኒታቸው ምንም ይሁን ምን ሽታን ለይቶ በማወቅ ይቸገራሉ።

ሁለቱን ለመለየት ታማሚውን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ በኋላ መፈተን ያሻል። ቦንጋ በሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጥናት ቢታሰብ፣ በፔንሲልቬንያ የተሰናዳው ባለ 40 ሽታ መፈተኛ አይበጅም፤ አሜሪካዊ የለመዳቸው ሽታዎች የካፋን ገበሬ አፍንጫ ሳይሆን እንግድነቱን ይለካሉ። የተቆላ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና ማር ይሻላሉ፤ መልሱም በካፍኛ ይሰጥ። ፊኖባርቢታል እንቅልፍ ስለሚያመጣ፣ ስም ማስጠራት ብቻውን ድብታን ከሽታ ማጣት አይለይም፤ ሽታው መኖሩን ብቻ የሚጠይቅ ቀላል ፈተና ይጨመርበት። የማጀት ጭስ፣ የሳይነስ ሕመምና በመውደቅ የደረሰ የራስ ጉዳትም ይመዝገቡ። ቡና በመዓዛው በሚመዘንበት አገር ይህ ጥያቄ የእንጀራም ጉዳይ ነው።

«የቡናው ሽታ ጠፋብኝ» የሚል ታማሚ ቢመጣ ግን ፊኖባርቢታሉን በአንዴ ማስቆም አይገባም፤ ድንገት የተቋረጠ ፊኖባርቢታል ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንፈራገጥ ሊቀሰቅስ ይችላል።