ኮሶ፦ አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

«ኮሶ» ሲባል ሦስት ነገር ይጠራል። አንደኛው በደጋ የሚበቅለው፣ አበባው ዘለላ ሠርቶ የሚንጠለጠለው ዛፍ ነው። ሁለተኛው ከሴቴው ዛፍ አበባ የሚዘጋጀው መራራ መድኃኒት ነው። ሦስተኛው መድኃኒቱ የሚጠጣለት ትል ሲሆን ሳይንሱ ቴኒያ ሳጂናታ ይለዋል።

ትሉ የሚመጣው ከሥጋ ነው፤ ወደ ሥጋው የሚገባው ግን ከሰው ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ዕንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ሣሩን ይግጣል። ዕንቁላሉ በከብቱ አንጀት ሲፈለፈል የሚወጣው እጭ በደም ወደ ጡንቻ ይጓዛል፤ በዚያም ትንሽ ከረጢት ይሠራል። ያ ሥጋ በቁርጥ፣ በጥሬ ክትፎ ወይም ለብለብ ተደርጎ ሲበላ እጩ ከሰው አንጀት ጋር ይጣበቃል። በ2 ወር ገደማ ያድጋል፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ብዙዎች መኖሩን የሚያውቁት የትሉ ነጫጭ ቁርጥራጭ ሲወጣቸው ነው።

ቀድሞ ብዙ ሰው በየ2 ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ ልማዱ ከትሉ ዕድገት ጋር መግጠሙ ያስደንቃል።

ዛሬ ሐኪም የሚያዝዛቸው ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳሚድ የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። የኮሶ አበባ ግን መጠኑ ሲበዛ ይመርዛል።

ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ አስተማማኝ መከላከያ አይደሉም። ሥጋው በቄራ የተመረመረ ይሁን፤ እስከ ውስጡ ይብሰል፤ መጸዳጃ ቤት በየደጁ ይኑር።