ፀረ አረም የማይገድለው ራይግራስ

ራይግራስ (በሳይንሳዊ ስሙ ሎሊየም ሪጊደም) ከሜድትራኒያን አካባቢ የመነጨ፣ በአንድ የዝናብ ወቅት በቅሎ፣ አፍርቶ የሚደርቅ ሣር ነው። የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ ነው። ወደ አውስትራሊያ የገባው ለከብት መኖ ሲሆን፣ ግጦሹ ታርሶ ስንዴና ገብስ ሲዘራበት ግን ከማሳው አልወጣ ብሎ የአገሪቱ እህል አምራቾች ዋነኛ አረም ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1982 በስንዴ ውስጥ የሣር አረምን ለይቶ የሚገድለው ዲክሎፎፕ ያልገደለው ራይግራስ በሳውዝ አውስትራሊያ መገኘቱ ተዘገበ። በ1986 የወጣው ዘገባ ይበልጥ አሳሳቢ ነበር፤ ዲክሎፎፕን የተቋቋመው ራይግራስ ተረጭቶበት የማያውቀውን ሌላ ፀረ አረም፣ ክሎርሰልፉሮንንም ተቋቁሞ ተገኘ። በ1996 ደግሞ ያገኘውን ተክል ሁሉ ያደርቃል የሚባለው ግላይፎሴት (ራውንድአፕ) አልበገረውም። ግላይፎሴትን በመቋቋም በዓለም የተመዘገበው የመጀመሪያው አረም ይኸው ራይግራስ ነው።

ይህን የመቋቋም ችሎታ የፈጠረው ኬሚካሉ አይደለም። በአንድ ሰፊ ማሳ ላይ ከሚበቅሉት ሚሊዮኖች መካከል ጥቂቶቹ ከርጭቱ በፊትም የተለየ ዘረመል አላቸው፤ ርጭቱ ሌላውን አጥፍቶ እነሱን ለዘር ያስቀራል። በአንዳንዶቹ ኬሚካሉ የሚያጠቃው ኢንዛይም ቅርጽ በጥቂቱ ስለሚለወጥ መርዙ አይያያዝበትም። ሌሎቹ ሳይቶክሮም ፒ450 በተባሉ ኢንዛይሞች መርዙን ሰባብረው ከጥቅም ውጭ ያደርጉታል። ስንዴ ራሱ ከዲክሎፎፕና ከክሎርሰልፉሮን የሚተርፈው በዚሁ ሁለተኛ መንገድ ነው። ይህኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ አረሙ ገና ያልተረጨበትን ኬሚካል ጭምር ሊያከሽፍ ይችላልና።

የራይግራስ አበባ የሚዳቀለው ነፋስ ከሌላ ተክል ባመጣለት ብናኝ ነው። ስለዚህ በሁለት ተክሎች ላይ የነበሩ ሁለት ዓይነት መከላከያዎች በአንድ ዘር ውስጥ ይገናኛሉ። በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅለው እንክርዳድ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም የለውም። መድኃኒት መቆጠብም ነገሩን ያባብሳል፦ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ከታዘዘው መጠን ባነሰ ዲክሎፎፕ በተደጋጋሚ የተረጨ ራይግራስ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ጠንካራ መቋቋም አዳብሯል።

መፍትሔው አዲስ ኬሚካል መጠበቅ ሳይሆን ዘሩን ማጥፋት ነው። ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ አብዛኛው የራይግራስ ዘር ገና ከዛላው አልረገፈም። ኮምባይነሩ አብሮ ያጭደውና ከእብቁ ጋር መልሶ በማሳው ላይ ይበትነዋል፤ ገበሬው የነገውን አረም በራሱ መኪና ይዘራል ማለት ነው። በዌስተርን አውስትራሊያ የዳርካን ገበሬ የሆኑት ሬይ ሃሪንግተን ይህን አይተው እብቁን ከነዘሩ የሚፈጭ መሣሪያ ሠሩ። ሌሎች እብቁን በጋሪ ሰብስበው ያወጣሉ፣ ወይም በጠባብ መስመር ከምረው ያቃጥሉታል። አብዛኛው ዘር በአፈር ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በላይ ስለማይቆይ፣ ለተከታታይ ዓመታት እንዳያፈራ የተደረገ ማሳ በእጅጉ ይጸዳል።

በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳ ላይ የሚረጩት ቶፒክና ፓላስ የተባሉ ፀረ አረሞች አሠራራቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው ከዲክሎፎፕና ከክሎርሰልፉሮን ጋር አንድ ነው። የእኛ ገበሬ ግን አውስትራሊያዊው በሰፊው ማሳው ላይ የማይችለውን ሊያደርግ ይችላል፤ ከርጭት ተርፎ የቆመ ሙጃ፣ ስናር ወይም እንክርዳድ ካለ ሳያፈራ በእጁ ነቅሎ ከማሳው ያውጣው።