ስለ ሐረር የኑሮ ልማድና ስለ አእምሮ ጤንነት

ዛሬ ስለ ሐረር ከተማ እንነጋገራለን። ይኸውም ስለ ጦርነቷና ስለ አሚሮቿ ሳይሆን፣ ሕዝቧ በግንቡ ውስጥ እንዴት ሲሄድ፣ እንዴት ሲቀመጥና ከማን ጋር ሲውል እንደ ኖረ ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የልጆቹን ስም ማምታታት የጀመረ ሰው የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ዘመዶቹም «ጃጅቷል» ብለው ይተውታል። መጃጀት ግን እንደ ሽበት ለሁሉ የተመደበ ዕጣ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2024 ባወጣው ጽሑፍ፣ አሥራ አራት ምክንያቶች ቢወገዱ በዓለም ላይ ከሚታየው የመርሳት በሽታ እስከ 45 በመቶ የሚደርሰው ሊቀር ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ገልጧል። ከነዚህም ምክንያቶች መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ ያለ እንቅስቃሴ መኖር፣ የጆሮ መድከምና ብቸኝነት ይገኙባቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ወደ ሐረር እንሂድ። ጁገል የሚባለውን ግንብ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆኑ የታወቀ ነው። ግንቡ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር የሚባሉ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። የዓለም ቅርስ ሆኖ በ2006 ሲመዘገብ በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ተጽፏል። ይህን ያህል ሥፍራ በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ሲሰበሰብ፣ በቤትና በቤት መካከል የሚቀረው መንገድ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት ብቻ ይሆናል። ከተማዪቱም በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፣ ወደ ገበያ የወረደ ሰው ሲመለስ ዳገት ይጠብቀዋል። የጁገል ሰው ወደ ጸሎት፣ ወደ ፈረስ መጋላ ወይም ወደ ለቅሶ ቤት ሲሄድ፣ ማንም ሐኪም ሳያዝዘው በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ ርምጃ ነው፤ በዚያ ዳገት ላይ ይህ የሁለት ሦስት ቀን ጉዳይ ነው።

እነዚያ መንገዶች ለእግር ብቻ ሳይሆን ለማስታወስ ችሎታም ሥራ ይሰጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ እንግዳ በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መንገዱ ይጠፋበታል፤ የአገሩ ልጅ ግን በጨለማም አይሳሳትም። በ2000 በለንደን ከተማ የታክሲ ነጂዎች አንጎል በምርመራ መሣሪያ ታይቶ ነበር። እነዚህ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃል ማጥናት ግድ ይሆንባቸዋል። ሥፍራን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል የኋለኛው ገጽታ ከሌላው ሰው ይልቅ በእነርሱ ላይ ሰፍቶ ተገኝቷል፤ ሥራውን ብዙ ዓመት በሠሩት ላይ ደግሞ ይልቁን።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ተቀምጦ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ንባብና በጉባኤ መካከል ጫት ይቅሙ እንደ ነበር ጽፏል። ስለ ጫት ስንናገር እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በእንጭጩ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያባርራል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ኀይሉ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ ከአወዳይ ገበያ የሚነሡት መኪናዎች እንደዚያ የሚጣደፉት ስለዚህ ነው። ለመቃም ከቀትር በኋላ ተቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆይ፣ በኋላም ምርቃናውን በጨብሲ የሚሰብር ሰው፣ ሁለት ጊዜ ራሱን ይጎዳል። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ይልቁንም ቁጢ ሰውን ለወሬ የሚሰበስብ መጠጥ ነው።

ቤቱም ለወሬ የተሠራ ነው። በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥም በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ያየ ሰው ማጌጫ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስፌት በጣት የተቈጠረ፣ ቀለሙም በአሳብ የተያዘ የወራት ሥራ ነው፤ ሴቶቹም ሲሰፉ ብቻቸውን አልነበሩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይኸውም አፎቻ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው በቶሎ እንዲገባው እድር ብንለው ይሻላል፤ ሆኖም አፎቻ ለሠርግም ለለቅሶም ነው፤ ወንዶቹና ሴቶቹም የየራሳቸው አላቸው። ሲድኒ ዋልድሮን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በሐረር ተቀምጦ ካጠና በኋላ፣ የከተማዪቱ ኑሮ በሦስት ነገር የተያያዘ መሆኑን አስረድቷል፤ እነርሱም የዘመድ ወገን፣ ከልጅነት እስከ እርጅና የሚዘልቅ የጓደኞች ማኅበርና አፎቻ ናቸው። ከባልደረባው ጋር ሆኖም በ1978 ስለ አፎቻ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል።

የሰባ ዓመት ሽማግሌ በአፎቻ ውስጥ ምን ያደርጋል? የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ ባለፈው ለቅሶ ማን መጥቶ ማን እንደ ቀረ፣ የትኛው ቤት ምን እንደሚገባው ማስታወስ አለበት። የሌላውን ንግግር ሰምቶ፣ የራሱን አሳብ አዘግይቶ፣ ተራው ሲደርስ ተገቢውን ቃል መምረጥ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ለአእምሮ ከባድ ሥራ ነው፤ ከባድ መሆኑ ግን አይታወቀውም። ሐረሮችም ይህን የሚያደርጉት ስለ አእምሮ ጤና አስበው አይደለም። ቢቀሩ ስለሚነቀፉ ይሄዳሉ። በእኔ አስተያየት የልማዱ ኀይል እዚህ ላይ ነው፤ በገዛ ፈቃዳችን የጀመርነው የጧት ርምጃ በመጀመሪያው ዝናብ ይቀራል፤ ለቅሶ ግን በዝናብም ይኬዳል።

አንድ ነገር ግን ይህን በዝግታ ያፈርሰዋል፤ እርሱም የጆሮ መድከም ነው። የማይሰማ ሽማግሌ በመጀመሪያ ያልሰማውን እንደ ሰማ ሆኖ ይሥቃል፤ ቀጥሎ ወደ ጥግ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ቤቱ ይውላል። ቤተ ሰቡ ጃጀ የሚለው ያን ጊዜ ነው፤ ችግሩ ግን ከጆሮ ሊጀምር ይችላልና አስቀድሞ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

በ1975 የገጠር መሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ፣ በከተማዪቱ ዙሪያ እርሻ የነበራቸው ብዙ ሐረሮች መሬታቸውን አጥተው ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ማዶ ሄደዋል። ዳገቱና ጠባቡ መንገድ አልተከተላቸውም፤ በአዲስ አበባ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ ለእድራችን ወርኃዊውን መዋጮ በልጅ እጅ ወይም በስልክ ልከን ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለናል። በብዙ ሰፈር የእድር ስብሰባ እሑድ ጧት ነው፤ በእግር ቢሄዱበትም ሩቅ አይደለም።